የጀሪካኑ ብሎን

ዙሪክ፣ ቪዲኮን፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ጋራዥ አለ። ሰው በቤንዚን ሽታ ያፍራል? እኔ አፍራለሁ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረውም ጄኔቭ፣ ሻትሌን ነበር። አባዬ ባሕር ዳር ሳለ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበር፤ ጄኔቭ ግን ቢሮ ነበር የሚያጸዳው። የጄኔቭ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች በየዓመቱ ቤተሰብ ከቤተሰብ ዓሣ በማጥመድ ይወዳደራሉ። የዚያን ዓመት ሊቀመንበራቸው አሮጌ ጀልባ አዋሰንና አባዬን፣ "ይህ ሞተር በውድድሩ ቀን ካላስቸገረ፣ የሁላችንንም ሞተር አንተ ትጠግናለህ" አለው።

አባዬ ሳምንቱን ሙሉ ሲፈታ ሲገጥም ሰነበተ። ለእኔ አንድ ሥራ ብቻ ሰጠኝ፤ ከመነሣታችን በፊት፣ በቱቦ ከሞተሩ ጋር የተያያዘው የቤንዚን ጀሪካን ክዳን ላይ ያለችውን አየር ማስገቢያ ትንሽ ብሎን ማላላት።

"ሞተርም እንደ ሰው ነው፤ አየር ካጣ ይታፈናል" አለኝ።

ረሳሁት። ሐይቁ መሐል ስንደርስ ሞተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ። አባዬ ካንዴላውን ፈትቶ ጠረገ፣ ቱቦውን ነፋ፤ ክዳኑን ግን አላየም፣ ለእኔ የሰጠው ሥራ ነዋ። ያኔ ትዝ ብሎኛል። አፌ ግን እሺ አላለኝም።

ሌሎቹ ዓሣቸውን ሲያስመዝኑ እኛ በገመድ ተጎትተን ገባን። ሊቀመንበሩ "ምን ሆነ?" ቢለው አባዬ ኮፍያውን አወለቀ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው።"

እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ከዚያ ወዲያ ሞተር ያመጣለት ሰው የለም።

ጀልባዋን ስናስረክብ ጀሪካኑን ያወረድኩት እኔ ነበርኩ። ብሎኗን ነካ ባደርጋት ላልታለች። ያላላኋት ግን እኔ አይደለሁም፤ ከእኔና ከአባዬ በቀር ደግሞ ጀሪካኑን የነካ አልነበረም።

አሁንም እሑድ እሑድ ይደውላል። "ደኅና ነሽ ልጄ?" ይለኛል። ስለዚያ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። እኔም።