ነጠላና ድርብ

ዛሬ ጠዋት አባቴን ልጠይቅ ኒውላንድ ሰፈር ሄጄ፣ ግቢው ሙሉ ቢጫ የሊሊ አበባ አንድ ዓይነት ሆኖ ፈክቶ ሳይ ንዴቴ ተነሳ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ እነዚህን አበቦች ያዳቅል ነበር። አንዱ አበባ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም። እኔም አንዷን በእጄ አዳቅዬ፣ ዘሯን ዘርቼ፣ ከባሮ ወንዝ ውሃ እየቀዳሁ አሳደግኳት። መጀመሪያ ድርብ፣ ቅጠሉ የተደራረበ አበባ አወጣች፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ። በማግስቱ የፈካው ግን ነጠላ ሆነ። አባቴ ከነሥሯ ነቀላት።

«ነገ ድርብ ታወጣ ይሆናል እኮ፣ አባዬ» አልኩት እያለቀስኩ።

«አንድ ቀን እንዲህ፣ አንድ ቀን እንዲያ የምታብብ ለዘር አትሆንም» አለና ለፍየላችን ጣላት።

አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል። አበቦቹን እኔ እንዳዳቅልለት ይለምነኛል። እስከ ዛሬ እሺ አላልኩትም።