ትክክለኛው ቀን የዘጋው መስመር

ይህን የምጽፈው ከሦስት ምንጮች ነው፤ ሦስቱም ጉድለት አለባቸው። የመጀመሪያው ባለካሬ ደብተሬ ነው። በዚያ ቀን በኮምፒዩተሩ ላይ የጻፍኳቸውን ትእዛዞች በቅደም ተከተል አስፍሬበታለሁ፤ ሆኖም አንዱ ገጽ ላይ ሻይ ስለፈሰሰ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ያሉት አይነበቡም። ሁለተኛው ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚይዘው የውሎ መዝገብ ነው። እያንዳንዷን ደቂቃ የሚቆጥር ትጉህ ምስክር ቢሆንም፣ የጉዳዩን አብዛኛውን ክፍል ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በፊት እንደተፈጸመ አድርጎ ይመሰክራል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩን ገና አልገዛሁትም። ምክንያቱ በስፍራው ይታያል። ሦስተኛው ምንጭ ዳባት የሚኖሩት የልጅነት ጓደኛዬ መሪጌታ ናቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸው ግን አያይም ነበር። ስለዚህ የተባለውን በእሳቸው፣ የተደረገውን በደብተሬ አምኛለሁ። የራሴን ትውስታ እንደ ምንጭ አልቆጠርኩትም።

ስለ አጠራር አንድ ነገር ላስታውቅ። ከመሪጌታ ጋር በአንድ የቆሎ ትምህርት ቤት ፊደል ስለቆጠርን ብቻችንን ስንሆን «አንተ» እንባባላለን። ሰው ባለበት ግን «አንቱ» እላቸዋለሁ። እዚህ አንባቢ አለና «እሳቸው» እላለሁ።

የመሪጌታን ሁለቱንም ዓይኖች ሞራ ጋርዷቸው ነበር። ግራው ቀድሞ ጠፋ፤ ቀኙ ብርሃንን ከጥላ ከመለየት በቀር የሚሠራው አልነበረም። ተማሪዎቻቸውን የሚያርሙት በጆሮ ሆነ። ጎንደር አንድ ሆስፒታል ውስጥ የዓይን ቀዶ ሐኪሞች ለጥቂት ቀን እንደሚመጡ ተነገረ፤ የሚታከመው ግን ስሙና የሪፈር ወረቀቱ ፎቶግራፍ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ድረስ በኢሜይል የደረሰለት ብቻ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ሐኪም ቀኙ ዓይን እስከሚቀጥለው ዙር ላይቆይ እንደሚችል ተናግሯል። ባለፈው ዙር ምዝገባው አምልጧቸዋል። እሳቸው ያመለጠው እኔ ቀን ተሳስቼ ነው ይላሉ። እኔ አላስታውስም። አለማስታወሴን እንደ ማስረጃ ያቀርቡታል።

በዚያ ወቅት በስልክ የሚመጣው ኢንተርኔት እኔ በምኖርበት ደባርቅ አይሠራም ነበር፤ ድምፅ ብቻ ይተላለፋል። በሽቦ የሚመጣው ግን ነበር፤ እኔ ቤት ሽቦ አለ። መስመሩን ተቀብሎ ለኮምፒዩተሩ የሚሰጠው ሳጥን አሮጌ ስለሆነ በገመድ እንጂ በአየር አያድልም። ሌላው አማራጭ ከገበያው በላይ ያለው ኢንተርኔት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ለለቅሶ ዛሪማ ወርዶ ቆልፎት ነበር።

ኮምፒዩተሬ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። ይህም ከእምነት ሳይሆን ከእድሜ የመጣ ነው፤ ማሽኑ ሌላውን መሸከም አይችልም። ረቡዕ ጠዋት፣ የሐሙሱ ሥራ እንከን እንዳይገጥመው በማሰብ፣ ሥርዓቱን ወደ አዲሱ እትም አሻሻልኩት። ለጥንቃቄ ያደረግሁት ነው። ማሻሻያው እስከ ከሰዓት በኋላ ወስዶ ያለ ስሕተት መጠናቀቁን አስታወቀኝ። መዝጋቱን ዘጋሁት፤ ኢንተርኔቱን ግን አልሞከርኩም። ማታ መሪጌታ ወረቀታቸውን በደረት ኪሳቸው ይዘው ከዳባት በመኪና መጡና እኔው ጋ አደሩ።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። ኢንተርኔት የለም።

«ምን ይላል?» አሉ መሪጌታ ከመደቡ ላይ።

«ዝም ይላል።»

«ትናንትና ይናገር የለም?»

«ትናንትና አደስኩት።»

«ማን አድስ አለህ?»

«ራሱ። አድሰኝ የሚል ጽሑፍ አወጣ።»

«የቤትህ ጣሪያማ ስንት ዓመቱ አድሰኝ ካለ! እሱ ጽሑፍ ስለማያወጣ ነው?»

ሥራዬን ከሚታየው ጉድለት ጀመርኩ። በማያው ጥግ ላይ ያለው ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር። የውስጥ ባትሪው ስላለቀ መብራት በጠፋ ቁጥር እንዲህ ያደርጋል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ደግሞ ራሱን ያርማል። አሁን ኢንተርኔት ስለሌለ አልታረመም። ራሱን የሚያርምበትን ቅንብር አጠፋሁና በእጄ ላስተካክለው ወሰንኩ። ቀኑን ከራሴ ማውጣት አልፈለግሁም። ያለፈውን ዙር አስቤ መሪጌታን ጠየቅሁ፤ ባሕረ ሐሳብ ከማስተማር ያረጁ ሰው ናቸው። የወሩን ቀን ብቻ ሳይሆን ወንጌላዊውን፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን ጨምረው ነገሩኝ። ኮምፒዩተሩ ለአበቅቴ ቦታ አልነበረውም። የቀረውን ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ጋር አመሳክሬ አስገባሁ፦ ቀኑን፣ ዘጠነኛውን ወር ግንቦትን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ሰዓቱን። ሁሉም ተስማሙ። ደብተሬ ላይ «ቀን ተስተካክሏል፣ ተረጋግጧል» የሚል አለ። ከሥሩ አስምሬበታለሁ።

ኢንተርኔቱ ግን አልመጣም። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ሳጥኑን አጥፍቼ አበራሁ። አራት ሰዓት ሲሆን ጎንደር ለምትኖር የቀድሞ ተማሪዬ ደወልኩ። ጡረታዋ የተቃረበ የኮምፒዩተር ባለሙያ ናት፤ ሊኑክሱንም የጫነችልኝ እሷ ናት። መሪጌታም እንዲሰሙ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«መምህር፣ አፕግሬድ አደረጉት እንዴ?»

«ለጥንቃቄ።»

«ለጥንቃቄ ከሆነማ ከሥራው በኋላ ነበር መምህር።»

ወደ ጥቁሩ መስኮት እንድገባ አደረገችኝና ትእዛዞችን ፊደል በፊደል እየነገረችኝ ጻፍኩ። የማይነበቡት አራቱ እዚህ ላይ ይመስሉኛል። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ምክንያቱን አገኘችው። ከማሻሻያው ወዲህ ሥርዓቱ ገመዱ የሚሰካበትን የኔትወርክ ካርድ በአዲስ ስም ይጠራዋል፤ እኔ ከዓመታት በፊት የጻፍኩት የቅንብር ፋይል ግን አሁንም በድሮ ስሙ ይፈልገዋል።

«መንኩሷላ!» አሉ መሪጌታ። «የመነኮሰን ሰው በዓለም ስሙ ብትጠራው መች አቤት ይላል?»

«በትክክል እንደሱ ነው መሪጌታ» አለች።

አዲሱን ስም ጻፍኩ። ግማሹ ፊደል ግማሹ አኃዝ ነው፤ የመነኩሴ ስም አይመስልም። የሳጥኑ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ተማሪዬ ያዘዘችኝን ሙከራ ባደርግ መልሱ ከሩቅ አገር ተመለሰ። መስመሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ኢሜይሌን ከፈትኩ። አልከፈትም አለ። ሌላ ገጽ ሞከርኩ፤ እሱም እንዲሁ።

አምስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። እስከዚያ ድረስ ሲተርቡኝ የነበሩት መሪጌታ ትረባውን ትተው፣ «ካልሆነም ይቅር፤ የሚመጣውን ዙር እንጠብቃለን» አሉ። የሐኪሙን ቃል እኔም እሳቸውም እናውቃለን። እጃቸው የመቋሚያቸውን ራስ እየዞረ ያሸው ነበር። ይህን በደብተሬ አልጻፍኩትም፤ ያየሁት ግን ይመስለኛል።

«ገጹ ምን ብሎ ነው እምቢ የሚለው?» አለች ተማሪዬ።

ወደ አማርኛ መልሼ አነበብኩላት። «የዚህ ገጽ ምስክር ወረቀት የሚጸናበት ጊዜ ገና አልጀመረም ይላል።»

«አልፎበታል ነው ወይስ አልጀመረም?»

«አልጀመረም።»

«መምህር፣ ጥግ ላይ ያለው ቀን ስንት ይላል?»

ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን አነበብኩላት። እንዲያውም የተመሳከረ መሆኑን ገለጽኩላት። ስልኩ ውስጥ የታፈነ ነገር ተሰማ፤ መሪጌታ ሳቅ ነው ይላሉ፣ እኔ የመስመር ጉድለት መስሎኝ ነበር።

«ቀኑማ ልክ ነው፤ እኔው ነኝ የነገርኩት!» አሉ መሪጌታ።

«ልክ ነው መሪጌታ። ኮምፒዩተሩ ግን ክርስትና አልተነሣም። በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው።»

ማሽኑ ዓመተ ምሕረቱን እንደ ፈረንጅ ዓመት፣ ዘጠነኛውን ወር እንደ ሴፕቴምበር ተቀብሎታል። ስለዚህ ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በፊት ላይ ቆሞ፣ በዓለም ያለው ገጽ ሁሉ ማንነቱን የሚያስረዳበት፣ ግን ገና ያልተሰጠ ምስክር ወረቀት እያሳየው ይጠራጠር ነበር። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እጠራጠራለሁ። እዚህ ላይ መመዝገብ ያለበት፣ ታሪክ ባስተማርኩባቸው ሠላሳ ዓመታት የሁለቱን ዘመን አቆጣጠር ልዩነት በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስረዳቴ ነው።

«በዚህ ጥያቄ እኮ ሁለት ማርክ ቀንሰውብኛል» አለች ተማሪዬ። ይህን ማረጋገጥ አልቻልኩም።

«ይቀንሱብሻል እንጂ ራሳቸውማ መች ያልፉታል!» አሉ መሪጌታ፤ ሰው ስላለ «አንተ» ሊሉኝ አልፈለጉም።

ያጠፋሁትን ቅንብር መልሼ አበራሁ። ኮምፒዩተሩ ራሱን አረመ፤ በመዝገቡ ላይ በአንዱ መስመርና በሚቀጥለው መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ያልፋል። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ የታመነ ነው። ኢሜይሉ ተከፈተ። በስልክ ያነሣሁትን የወረቀቱን ፎቶግራፍ ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጬ አያያዝኩት። ለመሄድ ጊዜ ወሰደ።

«ሄደ?» አሉ መሪጌታ።

«ግማሽ ሄደ።»

«የትኛው ግማሽ? ስሜ ያለበት ይሁን።»

በመዝገቡ መሠረት ሙሉው የተላከው ለስድስት ሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከሰዓት በኋላ «ደርሷል፣ ተመዝግበዋል» የሚል መልስ መጣ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ድገመው አሉኝ፤ ደገምኩት።

መሪጌታ ጎንደር ሄደው ቀኙ ዓይናቸው ታከመ። በሐምሌ ደባርቅ ሲመጡ ከመንገዱ ማዶ ሆነው፣ «አንተ! ይህን ኮት አሁንም አልጣልከውም?» ብለው ጮኹ። ሰው ባለበት «አንተ» አሉኝ። ኮቱ የድሮው ነው። ስለዚህ ማየታቸውን አምናለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አልጠራም። ፋሻው ሲፈታላቸው መጀመሪያ ያዩት የግድግዳ ሰዓት እንደነበረና ልክ አሥር ሰዓት ይል እንደነበረ ይናገራሉ። አብረዋቸው የነበሩት ባለቤታቸው ግን ጠዋት አራት ሰዓት ነበር ይላሉ። ሰዓቱ በፈረንጅ የተሞላ ከሆነ ዓይናቸው ፍጹም ነው፤ በእኛ የተሞላ ከሆነ አጭሩን ዘንግ ወደ ታች መሆን ሲገባው ወደ ላይ አይተውታል። በዚያው ዙር ታክመው የተመለሱ ሁለት ሰዎችን ጠይቄያለሁ። አንደኛው በፈረንጅ የተሞላ ነው ይላል። ሁለተኛዋ በክፍሉ ውስጥ ሰዓት አልነበረም ትላለች። ሁለቱም ያን ጊዜ ገና ከፋሻ መውጣታቸው ነበር፤ ስለዚህ ጉዳዩን ያልተረጋገጠ ብዬ ይዤዋለሁ።