በሚስቱ እጅ የተለካ ልብ

የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆኖ የማይሳደብ ሰው ካያችሁ እሱን ነው ያያችሁት። ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ናቸው፤ ለተቀረው ሰው ሁሉ ዝግታ ነው። ስሙን ያወጡለት ቆመው የሚሄዱ ተሳፋሪዎች ናቸው፤ እሱ ፍሬን ሲይዝ እንቁላል የያዘች ሴት እንኳ አትደነግጥም። ከኋላው ሆነው ጡሩምባ የሚያንባርቁበትን "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እያለ በመስተዋት ያያቸዋል እንጂ መልስ አይሰጣቸውም። ወጣቶቹ ሹፌሮች "ጋሽ ዝግታ፣ አንተ ጋ በወጣትነቱ የተሳፈረ ጡረታ ወጥቶ ነው የሚወርደው" ብለው ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። መሪውን እስካልነኩበት ድረስ የፈለጉትን ቢሉት ግድ የለውም።

መሪውን እንዲህ የሙጥኝ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአውቶቡሶቹ ግቢ መግቢያ ላይ ከባዱን የብረት በር የሚከፍተው በረኛ ቀድሞ ሹፌር ነበር። ሐኪም ልቡን አየና ከመሪ ይውረድ አለ፤ ወረደ። አሁን ስንት ዓመት ለነዳት አውቶቡስ በር ይከፍታል፤ ስታልፍም ጎኗን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋታል። ዝግታ ይህን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ሞትን አልፈራም ይላል፣ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ያንን በር ግን ይፈራዋል።

የፈሩት ይደርሳል ሆነና አንድ ጠዋት መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪ ሲያወርድ ዓይኑ ጨለመበት። ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ ትንሽ ቆየ። ቲኬት ቆራጯ ሮጣ ውሃ አመጣችለት፤ ቀጥሎም ሮጣ ወሬውን ለስምሪት ክፍሉ አደረሰችለት፤ ሁለቱንም ያደረገችው በደግነት ነው። ስምሪት ክፍሉ ሆስፒታል ላከው። ሆስፒታሉ ደግሞ በዚያው ሰሞን አዲስ የልብ ጥናት ጀምሮ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሠራተኞችን ይፈልግ ነበር።

የተቀበለችው ዶክተር ከልጁ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። ጥቁር የእጅ ማሰሪያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በፍቅር ታስረዳው ጀመር።

"አንዳንድ የልብ ሕመም እንደ ሌባ ነው፤ ፖሊስ ሲመጣ የለም። አልጋ ላይ አጋድመን ስንመረምርዎት ልብዎ ጨዋ ሆኖ ይመታል፤ ቤትዎ ሲገቡ ይዛባል። ይህ ማሰሪያ ግን አብሮዎት ውሎ አብሮዎት ያድራል። ማታ ስልክዎ አጠገብ ሲሆን የቀኑን የልብ ምት ሁሉ ለእኛ ይልካል። ድሮ ሰው በድን ሆኖ ከወደቀ በኋላ የምናውቀውን ዛሬ ሳይወድቅ እናውቀዋለን ማለት ነው።"

"ለእናንተ ብቻ ነው የሚልከው?" አለ ዝግታ።

"ለእኛ ብቻ። ሥራ ላይ አደጋ የሚያመጣ ነገር ካገኘን ግን መሥሪያ ቤትዎ ማወቅ አለበት።"

ከዚህ በኋላ የተናገረችውን አልሰማም። በጆሮው የሚሰማው የዚያ የብረት በር ሲጢጥ ማለት ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑ መስኮት ሥር ባለው የእግር መኪናዋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ወለሉ ላይ ሁልጊዜ ሰማያዊ ቁርጥራጭ አይጠፋም። እጇ ከብረት የጠነከረ፣ ለጉንፋን እንኳ አልጋ ላይ የማትውል ሴት ናት። ቤቱ ውስጥ ታመመ የሚባለው እሱ ነው፣ ቻለ የሚባለው እሷ ናት፤ ትዳሩ የቆመው በዚህ ውል ነው። ዝግታ ማሰሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ጭኗ ላይ ባለው ጨርቅ ላይ ጣል አደረገላት።

"ይህቺን ለጥቂት ጊዜ እሰሪልኝ።"

"ምንድን ናት?"

"ልብ የምትቆጥር ናት። የእኔን ከቆጠረች ከበሩ ጋር ያጋቡኛል። የአንቺ ልብ እንደሆነ አለት ነው።"

መርፌውን አቁማ አየችው። "አንተ ሰውዬ፣ ብታመምስ? ቢያዩህ አይሻልም?"

"አልታመምኩም። ቁርስ ሳልበላ ወጥቼ ነው። እስቲ አንድ ቀን እንኳ እንቢ አትበይኝ።"

አንድ ቀን እንኳ እንቢ ብላው አታውቅም ነበር፤ እሱም ያውቃል። እጇን ዘረጋችለትና አሰረላት። ወዲያና ወዲህ እያገላበጠች አየችውና ሳቀች። "ስንኖር ስንኖር አንድ ቀን ሰዓት ገዝቶልኝ የማያውቅ ሰው፣ ዛሬ የሆስፒታል አሰረልኝ!" እጅጌዋን ወደ ታች ሳብ አድርጋ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ነገሩ ቀላል ሆነ። ቀን እሷ አስራው ትሰፋለች፣ ማታ ስልኩን አጠገቧ ያስቀምጣል፣ ማሰሪያውም እንደ ታማኝ ወሬኛ የሰማውን ይልካል። ዝግታ አውቶቡሱን እየነዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐኪም ላይ ብልጥ የሆነ መሰለው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እሱም በዚያ ሰሞን ብዙ ይስቅ ነበር። አልፎ አልፎ ሚስቱ ፔዳሉን አቁማ ደረቷን ትይዝና "ልቤ ትር ትር አለብኝ" ትላለች። "እርጅና መጣሁ መጣሁ ሲልሽ ነው" ይላታል። እሷም "አንተ ቀድመኸኝ ገብተህበት የለ" ብላ ትመልስለታለች፤ ነገሩ በሳቅ ያልፋል።

ከዚያ ስልክ ተደወለ። ዶክተሯ ዛሬውኑ ይምጡ አለችው። ሄደ። አልጋ ላይ አጋደሙት፣ ደረቱ ላይ ገመድ አጣበቁበት፣ ወረቀቱ ላይ የወጣው መስመር ግን የተስተካከለ ነበር። ዶክተሯ አልተገረመችም።

"ያልኩዎት ይኸው ነው፤ እዚህ ሲመጣ ጨዋ ነው። ማሰሪያው ግን ይዞታል። የላይኛው የልብ ክፍል በየተወሰነ ጊዜ በደንብ መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ደም ውስጡ ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ግማሽ አካልን ይጥላል። ዕድለኛ ነዎት፤ ቀድመን አገኘነው። ደሙ እንዳይረጋ የሚከላከል ኪኒን አለ። ድሮ ይህን የሚወስድ ሰው በየጊዜው ደም እየሰጠ ይመላለስ ነበር፤ አዲሱ ይህን ሁሉ አይፈልግም። ጠዋትና ማታ መዋጥ ብቻ ነው።"

ዝግታ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። "ከመሪ ያወርደኛል?"

"መድኃኒትዎን በሥርዓት ከወሰዱና ራስዎን ስተው ካልወደቁ አያወርድዎትም።"

እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረበት። ፌርማታ ላይ አንዲት አሮጊት እስክትወርድ ድረስ መንገዱን ሁሉ የሚያስቆም ሰው፣ ስሙን በዝግታው ያገኘ ሰው፣ በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ እስቲ ይህ የማን ልብ ነው ብሎ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ማሰብ ነበረበት። አሰበም፤ ያሰበው ግን ጠማማውን ነው። እሷ እኮ ጤነኛ ናት አለ በልቡ። ጤነኛዋን ሴት ታማለች ካለ ይህ ዕቃ ውሸታም ነው። የእኔን መስመር ደግሞ ወረቀቱ አስተካክሎ አሳይቷል። እንግዲያው እኔም ደህና፣ እሷም ደህና፣ የተበላሸው ዕቃው ነው። እውነቱን ቢናገር ማታለሉ ይወጣል፤ ያታለለ ሹፌር ደግሞ በሩንም አያገኘውም። ኪኒኑን ተቀብሎ አመስግኖ ወጣ። ከአውቶቡሱ መስተዋት በላይ ካለችው ኪስ ውስጥ ከተተው።

ማታ ሚስቱ "ምን አሉህ?" አለችው።

"ዕቃው ተበላሽቷል አሉኝ። ፍቺው፣ ልመልስላቸው።"

"ወይ ጉድ፣ እኔ ነኛ ያበላሸሁት! ሳልፈታው ሳጥብ ሳጥብ ውሃ አስገብቼበት ይሆናል" አለችና ከልቧ አዘነች። ማሰሪያው ያረፈበትን ቦታ እያሸች ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም ይቅር አላት።

ይህን ስጽፍ ያናድደኛል። ሰው ክፉ ሆኖ ቢሆን ለመርገምም ይቀላል። ዝግታ ክፉ አልነበረም። ለማያውቃት እንቁላል ተሸካሚ የሚጠነቀቅ ሰው ነው።

ሚስቱ የወደቀችው እሱ ሥራ ላይ እያለ ነው። ልጃቸው አስተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን ልትጠይቅ ጎራ ብላ ስፌት መኪናው ሥር ወድቃ አገኘቻት፤ ግማሽ ፊቷ ተጣሞ፣ አንድ እጅጌ ብቻ የገባለት ዩኒፎርም ጭኗ ላይ እንዳለ። መቼ እንደወደቀች የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሆስፒታሉ ውስጥ ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ቱቦ የረጋውን ደም ከአንጎል ጎልጉሎ የሚያወጣ ሐኪም አለ፤ ቶሎ የደረሰ ሰው በእግሩ እየሄደ ይወጣል። እሷ ግን ቶሎ አልደረሰችም። የተረኛው ሐኪም አባትና ልጅን ኮሪደር ላይ አቁሞ ሲያስረዳ ረጋ ያለ ድምፅ ነበረው።

"ከልብ የተነሳ የደም መርጋት ነው። የልብ ምቷ የተዛባ ነው፤ ይመጣል ይሄዳል። ከዚህ በፊት ማንም አይቶላት አያውቅም?"

ልጅቷ "የለም፣ እማዬ ሐኪም ቤት ረግጣ አታውቅም" አለች። ዝግታ ግድግዳውን ያዘ። ልጁ የደነገጠ መስሏት አቀፈችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እንደ ምሳሌም ይጠቅሰዋል። ዝግታ ሚስቱን ያጥባታል፣ ፀጉሯን ያበጥርላታል፣ የማይታዘዘውን ቀኝ እጇን እያሸ ያንቀሳቅስላታል። ሥራውን በግማሽ ቀን አስደረገ። ጎረቤቶች ለባሎቻቸው "ባል እንዲህ ነው!" ይላሉ። ልጁ "አባዬ፣ አንተ ባትኖር እማዬ ምን ይውጣት ነበር?" አለችው አንድ ቀን፤ ወጥ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፈተና ድምፁ እስኪሸፍነው አለቀሰ።

አልቻለም። ወደ ወጣቷ ዶክተር ሄደና ሁሉንም ነገራት። የማን እጅ ላይ እንደነበር፣ የማን ልብ እንደነበር፣ ኪኒኑ የት እንደተቀመጠ ነገራት። እንድትጮህበት ነበር የሄደው። ፖሊስ ብትጠራበትም ደስ ባለው ነበር። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ማሰሪያው በትክክል ሠርቷል ማለት ነው" አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ። "እሷ ላይ በትክክል ሠርቷል።" ቀና ብላ ስታየው ዓይኗ ቀልቷል። "በዚህ ጥናት ስንት ሰው ሳይወድቅ አግኝተናል መሰለዎት። የእርስዎን መረጃ ከጥናቱ እናወጣዋለን። ሌላ የማደርግዎት ነገር የለም። ግን እርስዎን ራስዎን አይተን አናውቅም፤ ማሰሪያውን አሁን በራስዎ እጅ ይሰሩ።"

አሰረ። ለመሥሪያ ቤቱ ቢናገሩም ባይናገሩም ግድ አልሰጠውም፤ በሩን እንኳ ረስቶት ነበር። ይልቅ ሕመም እንዲገኝበት ተመኘ። ቢታመም ቢያንስ የሸሸው ነገር የእውነት ነበር ማለት ነው። የምርመራው ጊዜ ሲያልቅ ዶክተሯ ውጤቱን ነገረችው፤ ምንም የለበትም። ምቱ ቀንም ሌሊትም የተስተካከለ ነው። ያን ጠዋት ዓይኑን ያጨለመበት ድካምና ባዶ ሆድ ሳይሆን አይቀርም አለችው። ለሚስቱ የነገራት ያ የቁርስ ሰበብ እውነት ነበር። "መንዳት ይችላሉ" ብላ እንኳን ደስ ያለዎት ልትለው ጀመረችና ተወችው።

በእግሩ ወደ ቤት ሄደ። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን እያዘጋጀ ነበር። ልጁ ፊት አይደለም፤ መጀመሪያ ለእሷ ብቻ። ዕቃው አልተበላሸም ነበር ይላታል። አንቺ አላበላሸሽውም፣ ያንቺን ልብ አይቶ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የዋሸሁሽ ይላታል። ከዚያ በኋላ ብትጠላውም ትጥላው።

መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። መኪናውን ወደ ጥግ ስለገፉት ቦታው ሰፊ ሆኗል። ልጃቸው ሾርባ እያበላቻት ነበርና ማንኪያውን ለአባቷ ሰጥታ ከወንበሩ ተነሳች። "ከጠዋት ጀምሮ መንገድ መንገዱን ስታይ ነው የዋለችው። ውጤትህን ነው የምትጠብቀው" ብላው ወደ ጓዳ ገባች።

ሚስቱ አየችው። ቃላት ከተመለሱላት ገና ብዙም አልቆየ፤ አንድ አንዱን ከሩቅ እንደምታመጣ እየደከመች ነው የምትናገረው።

"ምን... አሉህ?"

አፉን ከፈተ። ካዘጋጀው ሁሉ አንዱም አልወጣም፤ የወጣው የውጤቱ ነገር ብቻ ነው።

"ደህና ነህ አሉኝ። ልብህ የጎረምሳ ልብ ነው አሉኝ።"

ግማሽ ፊቷ ፈገግ አለ። ቀኝ እጇን ወደ ላይ ለማንሳት ታገለች፤ እስከ ደረቷ ድረስ ብቻ ደረሰላት።

"ተ... መስ... ገን" አለች።

 ሾርባው እየቀዘቀዘ ነበር። ማንኪያውን ሞልቶ ወደ እሷ ሲያቀርብ፣ አፏን ከፈተችለት።