ማዕረግ የማይወድ ተጫዋች

ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሰፈሩ የካርድ ጨዋታ ይመጣል፤ ስሙን ሊጠይቀው የደፈረ የለም። ጨዋታውን የምትመራው አጫዋች የቤተ መንግሥት ሰዎችን ሚና የያዙ ካርዶች ስታድል ልዑልም መስፍንም አይወስድም፤ ሁልጊዜ የቤተ መንግሥቱን በረኛ ይመርጣል። ጥቁር ኮቱን አያወልቅም፤ ድምፁንም ከፍ አያደርግም። እሷ ለአዲስ ተጫዋቾች፣ "ካርዱ ማዕረግ ይሰጣችኋል፤ መከበሩን ግን ተጫውታችሁ አምጡት" ትላለች። ሰውየው ግን ሳይጫወት ያገኘዋል። ገና ሲገባ ጫጫታው ይሞታል፤ ንጉሡን የሚጫወተው ባለ ጋራዥ እንኳ አንድ ነገር ከመወሰኑ በፊት በቆረጣ ያየዋል።

ዛሬ የአጫዋቿ ታናሽ ወንድም ለመጀመሪያ ጊዜ መጣና ልዑልነት ደረሰው። ደረቱን ነፋ።

"አንተ በረኛ! ተንበርከክ እንጂ፤ ጉልበትህ ዝጓል እንዴ?"

የሳቀ የለም። ባለ ጋራዡ ካርዱ ላይ አቀረቀረ። አጫዋቿ በጠረጴዛው ሥር የወንድሟን እግር ረገጠች።

ሰውየው ከወንበሩ ወርዶ የምሩን ተንበረከከ። ፈገግም አለ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ ጌታዬ። በረኛ የጌታውን ደጅ ማወቅ አለበት። ቤትዎ የት ነው?"

"በቃ፣ ጨዋታው አልቋል!" አለች እህቱ ካርዶቹን እየሰበሰበች።

ወንድሟ ግን ገና ልዑል ነበር።

"ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር" አለ አገጩን ቀና አድርጎ። "ማንንም ብትጠይቅ ያሳይሃል።"