ውርጭ ያልጣለበት ገና

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ እንዲጥል የሚጸልይ ሰው በደቡብ ወሎ ካለ እሱ እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ "ኧረ ዘንድሮስ ማረን" ሲል እኔ በልቤ "ጣለው፣ ጣለው" እላለሁ። ሚስቴ ይህን አመሌን ስለምታውቅ "አንተ የጤና አይደለህም" ትለኛለች። አልከራከራትም።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን እጠግናለሁ። የተወለድሁት ግን ከገራዶ በላይ ባለ ደጋ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ገና ጨዋታ የምወደው ነገር የለም። እግር ኳስ አልጠላም። ግን ቆልማማ ዱላ ይዞ፣ ከወይራ ጉጥ የተጠረበችውን ሩር እያላጉ፣ ጎረቤትም ባላጋራም ሳይሉ እየተጋፉ መሮጥን የመሰለ ነገር ከወዴት ይመጣል? አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል፤ ሩሯ ስትመጣ ግን ዝም ይላል።

ሜዳችን ጨፌ ነው። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ሲጠጣ ይከርምና በጥቅምት እንኳ ከብት ይሰምጥበታል። የሚያደርቀው የኅዳር ውርጭ ነው፤ ሣሩን ያከስለዋል፣ ከዚያ የበጋው ፀሐይና ነፋስ መሬቱን ጠጠር ያደርገዋል። አባቴ የጨዋታው ዳኛ ስለሆኑ ጠዋት ጠዋት ወደ ሜዳው ወርደው ተረከዛቸውን ይተክላሉ። ተረከዛቸው ካልሰመጠ ጨዋታ ተከፈተ ማለት ነው። ከሰመጠ ማንም ዱላ ይዞ አይገባም፤ በዚያ ጭቃ እግሩ የተሰበረ ሰው አይተናልና ቀልድ የለም።

ዘንድሮ ኅዳር ገባ፣ ውርጭ የለም። እኩሌታው አለፈ፣ የለም። እንዲያውም ጭራሽ በሰባራ ሰዓት ካፊያ ይጥላል፤ ካፊያው ሲያቆም ደግሞ ወበቅ። ኮምቦልቻ ቆላ ነው ይባል፤ ደሴ ምን ነካት? በስልኬ የደሴን የአየር ጠባይ ሳላይ ፊቴን አልታጠብም ነበር። ሚስቴ "ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ ሚስቱን ያያል፣ አንተ ደመና ታያለህ" አለችኝ አንድ ጠዋት።

እንዲህ የተንገበገብሁት ለጨዋታው ብቻ ብዬ አይደለም። አምና አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ።

አባቴ ከምድጃው በላይ የምትሰቀል የወይራ ዱላ አለቻቸው። ጭስ ጠግባ የጠቆረች፣ መያዣዋ በእጅ ብዛት የለሰለሰ ናት። መያዣዋ ላይ በቢላዋ የተቆረጡ ሰባት ምልክቶች አሉ። ልጅ ሆኜ በጣቴ እየዳበስሁ እቆጥራቸውና "አባቴ ሰባት ጊዜ ያሸነፈባት" እያልሁ ጓደኞቼ ላይ እኮራ ነበር። አምና ለገና አባቴ ታመው ተኙና ሌላ ሽማግሌ ዳኛ ሆነ፤ እኔ የቡድናችን አለቃ ሆንሁ። ምን ለክፎኝ እንደሆነ እንጃ፣ ሳላስፈቅድ ዱላዋን አውርጄ ይዤ ገባሁ። እሷን ከያዝሁ ማን ይችለኛል ብዬ ነዋ! ተሸነፍን።

በእኛ አገር ደንብ አለ። የተሸነፈው ወገን አለቃ ዱላውን ያስረክባል፤ ዱላው በአሸናፊው አለቃ ቤት ተሰቅሎ ይከርማል። በዓመቱ ጨዋታ ሲከፈት፣ ሜዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ለባለቤቱ ይመለሳል። ከሜዳ ውጭ መስጠትም መቀበልም ነውር ነው። ጨዋታ ካልተከፈተ ዱላው እዚያው ሌላ ዓመት ይቀመጣል። አሸናፊው አለቃ ደግሞ የገዛ ሚስቴ ወንድም ነው፤ ከታችኛው ሰበካ፣ ከእኔው ፋብሪካ፣ ከእኔው ፈረቃ!

ለአባቴ ምን ልበል? "ዱላዋ ትንሽ ተሰንጥቃለች፣ ኮምቦልቻ ወስጄ ላስጠግናት" አልኋቸው። "ይሁን" አሉ። ዓመቱን ሙሉ አልጠየቁኝም፤ እኔም ዝም አልሁ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ደወሉ። "ዘንድሮ ጨዋታውን ከፍቼ ሩሯን የምጥላት እኔ ነኝ" አሉኝ። "ዱላዬን ይዘህልኝ ና። እግሬ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም፤ ይቺ የመጨረሻዬ ናት።"

"እሺ አባባ" አልሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እጄ ላይ የነበረውን መፍቻ የት እንዳስቀመጥሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በምሳ ሰዓት የሚስቴን ወንድም ፈልጌ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

"ስማ፣ አባቴ እኮ ሸምግለዋል። ዱላዋን ስጠኝና ይለፍልኝ።"

"ሜዳ ላይ" አለኝ ዳቦውን እያኘከ።

"ሜዳው ውኃ ነው!"

"እንግዲህ ውርጭ እስኪጥል ጠብቅ። እኔ ሰማይ አላዝዝ።"

ሦስት ቀን ሰላም አላልሁትም። በአራተኛው ቀን ግን እሱው መጥቶ "ሰውነታችን ከሚሞት እንለማመድ" አለኝ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን ጨዋታ የሚጫወት ከእሱ ሌላ ማንን አውቃለሁ? ከሰፈራችን ጀርባ ባለው አቧራማ ሜዳ እሑድ እሑድ ሁለታችን ብቻ ሩር እናላጋ ጀመር። የገና ጨዋታ በከናቴራ! ላቡ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ አቧራው ጉሮሮዬን እየዘጋ። አንዲት ሴትዮ ቆመው ሲያዩን ቆዩና "ልጆቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው በዱላ የምትፈልጉት?" አሉን። የሚስቴ ወንድም "ውርጭ" አላቸው። አሽሙር እንደሆነ ገብቶኛል።

አንድ ቅዳሜ ወደ ላይ ወጣሁ። በዚያ ወቅት ደሴ ፒያሳ ላይ ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ትከሻውን ሰብስቦ ነው የሚሄድ። ዘንድሮ ጃኬቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ይንሸራሸራል። እነሱ ደስ ብሏቸው እኔ ተናደድሁ። በገራዶ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ከገራዶ በእግሬ አቀበቱን ጨርሼ ስደርስ አባቴን ሜዳው ዳር አገኘኋቸው። የባሕር ዛፍ ምርኩዝ ይዘዋል። እያየሁ ተረከዛቸውን ተከሉት፤ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገባ።

"ዱላዬን አመጣህ?"

"ለገና ነው አባባ። እየወለወልኋት ነው።"

ውሸቱ ከአፌ እንደወጣ ተጸየፍሁት። በዚያው ንዴት ላይ እያለሁ ጎረቤታችን መጣ። በዕድሜ ከአባቴ ትንሽ የሚያንስ ሙስሊም ገበሬ ነው፤ ማሳው ከሜዳችን ጋር ይዋሰናል። እኔ ሞኙ ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳልጨርስ አፌ አመለጠኝ።

"ጋሼ፣ ኧረ ይኼ ውርጭ ምን በላው? ሦስት ጠዋት እንኳ ደህና አድርጎ ቢጥልልን እኮ…"

ሰውየው ቆመ። "ምን አልህ?"

ያን ጊዜ ነው ከኋላው ያለውን ያየሁት። ባቄላ። ማሳ ሙሉ ባቄላ፣ ያውም አበባ ላይ።

"ዝናቡ ዘግይቶብኝ ዘግይቼ ዘራሁ" አለ። "አንድ ጠዋት ውርጭ ከነካው አለቀ። ከዚያ ልጆቼ ምን ይበላሉ? ያንተን ዱላ ይቀቅሉ? ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ምኞት ሰምቼ አላውቅም!"

ቀለጥሁ። የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ! ውርጭ የመታው ባቄላ ጠዋት ላይ ጠቁሮ ሲገኝ ምን እንደሚመስል፣ እናቴ ማሳው ዳር ተቀምጣ እንዴት እንደምታለቅስ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው "ይቅር በለው፣ ከተማው ነው ያጃጃለው" አሉልኝ። ገበሬው ወደ ባቄላው ተመለሰ።

ከዚያን ቀን ወዲያ የምጸልየው ጠፋኝ። ውርጩ ከጣለ የሰው እንጀራ ይጠፋል፤ ካልጣለ አባቴ ዱላቸውን ሳይጨብጡ የመጨረሻ ገናቸው ያልፋል። ስልኬ ላይ ያለውን የአየር ጠባይ ማየት ተውሁ። ሚስቴ "ምነው፣ ከደመናው ጋር ተጣላችሁ?" ስትለኝ እንኳ መሳቅ አቃተኝ።

ገና ሳምንት ሲቀረው አባቴ ደወሉ። ሽማግሎቹ ተሰብስበው ሜዳው አልደረቀም፣ ዘንድሮ ጨዋታ የለም ብለው ወስነዋል። ድምፃቸው ቀዝቅዟል። "ተወው፣ ምን ይደረጋል" አሉ። "ዱላዋን ግን አምጣልኝ፤ ቤት ሆኜም ቢሆን ልያዛት።"

የዚያን ዕለት ለሚስቴ ሁሉንም ዘከዘክሁላት። አዳምጣኝ ስታበቃ "ወንድሜ ቤት ስሄድ ግድግዳው ላይ የማያት ዱላ የማን መሰለችህ?" አለችኝ። "አንተ እስክትናገር እየጠበቅሁ ነበር።" ቀጠለችና "የዱላው ይቆይ። መጀመሪያ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቅ፤ ባቄላውን ረግመህ ዓመት በዓል ልትውል ነው?" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ወጣሁና፣ ወላጆቼ ቤት ሳልደርስ በቀጥታ ወደ ማሳው ሄድሁ። ገበሬው እሸት ባቄላ እየለቀመ ነው። ቀና ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ ያን ዕለት ያልሁት… አፌ ነው፣ ይማሩኝ።"

አንድ እፍኝ እሸት ዘግኖ ሰጠኝ። "ብላ። ውርጭ ያልበላው ነው" አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጣፋጭነቱ! ፈልፍዬ እየበላሁ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ፍሬው ሞልቷል፣ ሰውየው ተርፏል፣ የእኔም ርግማን አልደረሰም። እፎይ አልሁ።

"ጨዋታው ቀረ አሉ?" አለኝ።

"ቀረ።"

ምን እንዳነበበብኝ እንጃ፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። "ያ የገብስ ማሳዬ ታጭዶ አብቅቷል። ደረቅ ነው፣ ተዳፋትም አይደል። እዚያ ተጫወቱ።"

"ማሳዎ ላይ? ሰው ሁሉ ሊረግጠው?"

"ታዲያ ምን አለው? ምርቱ ገብቷል፣ አልሐምዱሊላህ። እኔስ ጎረምሳ ሳለሁ ከአባትህ ጋር ስንት ጊዜ ተጋፍቻለሁ። የምንለያየው በጾሙ ነው እንጂ በጨዋታው መቼ ተለያየን?"

አቀፍሁት። እሸቱ ከእጄ ተበተነ፣ እሱም "ቀስ በል፣ አንተ ሰው!" ብሎ ጮኸብኝ። አባቴ ቤት የሮጥሁት አሯሯጥ ለጉልበቴ የሚሆን አልነበረም። ነገሩን ስነግራቸው ወዲያው ተነሥተው ወደ ማሳው ወጡ፣ ተረከዛቸውንም ተከሉ። አልሰመጠም።

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ አገሩ በሙሉ የገብሱ ማሳ ዳር ቆመ። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ አባቴ ግን ጋቢያቸውን አላወለቁም። የሚስቴ ወንድም በንጹሕ ነጠላ የጠቀለለውን ነገር ታቅፎ ከታችኛው ወገን መካከል ወጣ። ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ "አባባ፣ አንድ ያልነገርሁዎ ነገር…" ስል "ዝም በል፣ እያየሁ ነው" አሉኝ።

አባቴ ዱላዋን ከነጠላው አውጥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አገላብጠው አዩ፤ መያዣዋን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

"አምና በማግስቱ ነው የነገሩኝ" አሉ። "የአገሩ ሰው አፍ የለውም ብለህ ነው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"አንተስ ለምን ዝም አልኸኝ?" ከዚያ ዱላዋን ወደ እኔ አስጠጉ። "እነዚህ ምንድን ናቸው?"

"ያሸነፉባቸው… ሰባት ጊዜ።"

አባቴ ሳቁ። ጥርሳቸው ያለቀ አፋቸው እስኪታይ ሳቁ። "የተሸነፍሁባቸው ናቸው እንጂ! ሰባት ጊዜ ሄዳለች፣ ሰባት ጊዜ ተመልሳለች። በተመለሰች ቁጥር እቆርጣለሁ።" ወደ ሚስቴ ወንድም በአገጫቸው ጠቆሙ። "ሦስቱን የከረመችው የእሱ አያት ቤት ነው።"

ከኪሳቸው ቢላዋ አውጥተው ሰጡኝ። "ይቺን አንተው ቁረጣት፣ ያንተ ናት።"

አርባ ዓመት ሙሉ የኮራሁበት ነገር በአንድ አፍታ ተገለበጠ፤ የሚገርመው አልከፋኝም። ከሰባቱ ቀጥሎ ስምንተኛዋን ቆረጥሁ። ጠማማ አደረግኋት። አባቴ አይተው "ትሁን" አሉ፤ ዱላዋንም ለእኔው መልሰው "ያዛትና ግባ" አሉኝ። ከዚያ ወደ መሃል ሄደው ሩሯን ጣሉ።

ደግሞ ተሸነፍን። በምን ተአምር እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ጉልበቴን አትጠይቁኝ። የሚስቴ ወንድም ላቡን እየጠረገ እጁን ሲዘረጋልኝ ዱላዋን አስረከብሁ። ይህን ጊዜ አባቴ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። እሱን ነበር የሚያዩት።

"ጭስ የሚያገኛት ቦታ ስቀላት" አሉት። "ደኅና አድርገህ ያዛት፤ ለሚመጣው ገና እኔው ራሴ መጥቼ ነው የምቀበልህ።"