ሳይታመሙ ማየት

አያቴ አባባ ካረፉ ወዲህ፣ ማንያታ መንደር ካለው ግቢያችን ፍየሎቹ ማንም ሳያያቸው ነው የሚወጡት። እሳቸው በየማለዳው በሩ ላይ ቆመው፣ የእያንዳንዷን ፍየል የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣታቸው ገልበጥ አድርገው ያዩ ነበር። ቀይ ከሆነ ይለቋታል፤ ከነጣ ደም አንሷታል ብለው ያስቀሯታል። «ከወደቀች በኋላማ ማን አያያትም?» ይሉ ነበር።

ነርሲንግ ስማር፣ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር፣ ሐኪም ለማለት «ዳክታሪ» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፦ «ዳክታሪ፣ እናንተስ ጤነኛውን ሰው መቼ ነው የምታዩት?»

እኔም «ጤናን ማጎልበት ማለት» ብዬ ለፈተና የሸመደድኩትን አነበንብላቸው ነበር። በአንድ ኮርስ ጨርሰነዋላ! የቀረው የትምህርት ዘመናችን ያለቀው አልጋ ላይ ከወደቀ ሰው ጋር ነው። አንድም ቀን ጤነኛ ሰው ደጃፍ ወስዶ «እስቲ አነጋግሩት» ያለን መምህር የለም። ይህ ዛሬም ያበሽቀኛል።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን የራሴው ነገር ነው። የደም ግፊት መለኪያ ይዤ የመጣሁ ቀን፣ አባባ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

«ምን ሆኑና ነው አባባ? ሲያምዎት እለካዎታለሁ» አልኩና ቦርሳዬን ዘጋሁ። ሳቅ ብለው እጅጌያቸውን መለሱ።

ከወራት በኋላ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ እኔ የምለማመድበት ሆስፒታል ገቡ፤ በሦስተኛው ቀን አረፉ። እንደገቡ ግፊታቸውን የለካሁት እኔ ነኝ። መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ማሰሬም ማንበቤም ልክ እንደተማርኩት ነበር። እጅጌያቸውን ግን በዚህኛው ጊዜ የጠቀለልኩላቸው እኔ ነበርኩ።