ወልጃታለሁ ያለችው ወርቅቱ

ከወርቅቱ የበለጠ ግትር ሴት ሱሉልታ ላይ አላየሁም። ይህን ስል ልወቅሳት ፈልጌ አይደለም፤ ጎረቤቴ ነበረች፣ ደግሞም እወዳት ነበር። እኔና ባለቤቴ ብዙነህ ከመንዝ መጥተን በጎጃም መንገድ ዳር የጨውና የአቡጀዲ ሱቅ ስንከፍት ከአገሩ ቋንቋ አንዲት ቃል አላውቅም ነበር። ኦሮምኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ስሳሳት ሆዷን ይዛ ትስቅብኛለች፤ ከዚያ አፌ እስኪደርቅ ታስደግመኛለች።

ኑሮዋ በወተት ነበር። ከባሏ ከኦቦ ደገፋ ጋር ጧት አህያ ጭነው በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ይወርዳሉ። ወተቷ ውሃ ነክቶት አያውቅም። ደንበኞቿ ይህን አንስተው ሲያመሰግኗት «ውሃውንማ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ተኝቶ ትቼው መጣሁ» ትላቸዋለች። እውነትም ያ ሜዳ በክረምት ሐይቅ ነው የሚያክለው። ከብት ነበራት፣ ደግ ባል ነበራት፤ እግዜር የነፈጋት ልጅ ብቻ ነበር።

በአርባ ስድስት ዓመተ ምሕረት የደገፋ ታናሽ እህት ድንቅቱ ሆዷ ገፍቶ ከአዲስ አበባ መጣች። ባሏ ወንዳፍራሽ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ በሆነ ባልሆነው ተጣልተው እርጉዟን አባረራት። ወንድሟ ቤት ወለደች። ሴት ልጅ ነበረች። ድንቅቱ ያኔ ራሷም ልጅ ነበረች ማለት ይቻላል፤ እጇ ባዶ፣ አንገቷ የተደፋ። ሕፃኗን ለወንድሟ ሚስት በጉዲፈቻ ሰጥታ ሥራ ፍለጋ ተመልሳ ሄደች።

ጉዲፈቻው ሲፈጸም እኔም ነበርኩ። ሽማግሎቹ ኦቦ መገርሳና ኦቦ ኢተፋ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁ። የሕፃኗን አናት ቅቤ ቀብተው ወርቅቱ ጭን ላይ አስቀመጧት። ወርቅቱም በሰው ሁሉ ፊት ቃል ገባች። «ከዛሬ ጀምሮ የወለድኳት እኔ ነኝ። ሌላ ነገር ከአፌ አይወጣም» አለች። ደገፋ ደግሞ ለሕፃኗ አንዲት ቀይ ጊደር ሰጠ። ሀንዱራ ይሉታል፣ እትብት እንደማለት ነው። አባት ለወለደው ልጅ የሚሰጠው ስጦታ ነው፤ ጊደሯም ከእሷ የሚወለደውም ሁሉ የልጁ ይሆናል። ልጅቱን ገለቴ አሏት።

ገለቴ ወተት የጠገበች፣ ጉንጫም፣ ሰው የማትፈራ ልጅ ሆነች። ገና በአራት ዓመቷ በወተት አህያው ላይ ተቀምጣ ሱቃችን ደጃፍ ስታልፍ ብዙነህን በስሙ ትጠራው ነበር፤ እሱም ሳቁን ውጦ ይቆጣታል። ድንቅቱ ዓመት በዓል ሲሆን ትመጣለች። ልጅቱ «አክስቴ» ትላታለች፣ ስጦታዋን ትቀበላለች፣ ከዚያ ወደ ወርቅቱ ቀሚስ ትሮጣለች። ድንቅቱ ፊቷን ስታዞር አይቻለሁ። አልዋሽም፣ አሳዝናኛለች።

በሃምሳ አራት ደገፋ በሳንባ ምች ሞተ። ለቅሶው ላይ ድንቅቱ ከወንዳፍራሽ ጋር ታርቃ፣ አብረው መጡ። ከታረቁም ቆይተዋል፤ ልጅ ግን ሳይመጣላቸው ቀረ። ዓመት ሳይሞላው ሽማግሌ ላኩ፤ ልጃችንን ስጪን አሉ። ቤተ ዘመድ ተቀመጠ፣ ተከራከረ፣ ተነሣ። ወንዳፍራሽ የተማረ ሰው ነውና አዲሱን ሕግ ጠቀሰ፤ ፍርድ ቤት ያላጸደቀው ጉዲፈቻ ጉዲፈቻ አይደለም አለ። ለሞግዚትነት ነው የሰጠናት ብሎም ከሰሰ። እርጉዝ ያባረረ ሰው ስለ ሕግ ሲያወራ ደሜ ይፈላል፤ አሁንም ስጽፈው ይፈላል።

የቀጠሮው ዕለት ከወርቅቱ ጋር ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት የሄድነው ሁለቱ ሽማግሎችና እኔ ነበርን። ዳኛው ልጅቱን ማየት እፈልጋለሁ ስላሉ ገለቴም አለች፤ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ከፊት ትዘላለች። ልጅቱ ትንሽ ስትርቅ ኦቦ መገርሳ ወርቅቱን ጠጋ አሏት። ጉዲፈቻ ነው በይ፣ የቀረውን ለእኛ ተይው፣ ቃሉን የተቀበልንሽ እኛ ነን፣ እኛው ከቃሉ ፈትተንሻል አሏት። ወርቅቱ ነጠላዋን አጣፋች እንጂ መልስ አልሰጠችም። እኔ ዝምታዋን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት።

ዳኛው መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ሐዘኔ ይቀልልኝ ነበር። አዋላጇ ቀርባ ድንቅቱ ስትወልድ በእጇ እንደተቀበለች መሰከረች። ከዚያ ዳኛው ወርቅቱን ጠሩና ነገሩን አብራርተው አስረዷት። ልጅቱን በጉዲፈቻ ወስዳ ከሆነ፣ ሽማግሎቹም ከመሰከሩ፣ ለልጅቱ የሚበጃትን አይተው ሊያጸድቁት እንደሚችሉ ነገሯት። ወለድኳት ካለች ግን ምስክር አለባት። በሩን ከፍተው ያሳዩዋት ያህል ነበር።

«እንግዲህ ንገሪኝ» አሏት። «ይህችን ልጅ ወልደሻታል ወይስ በጉዲፈቻ ወስደሻታል?»

ወርቅቱ ገለቴን አየቻት። ገለቴ አግዳሚው ላይ ሆና እግሯን ታወዛውዛለች።

«ወልጃታለሁ» አለች።

አዳራሹ አጉረመረመ። ዳኛው ገባቸው መሰለኝ፣ ልጅቱን ወደ ውጭ እንድወስዳት አዘዙ። ወስጄ ለአንዲት ቆሎ ሻጭ አደራ ሰጥቻት እየሮጥኩ ተመለስኩ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና ጠየቋት። አሁን ልጅቱ እንደማትሰማ፣ የምትናገረው ለፍርድ ቤቱ ብቻ እንደሆነ ነገሯት። በሆዴ ስለ እመብርሃን ተናገሪ እላለሁ።

«ወልጃታለሁ፣ ጌታዬ» አለች ደግማ።

ዳኛው ወደ ኦቦ መገርሳ ዞሩ። «እርስዎስ አባቴ? ምን ያውቃሉ?»

መገርሳ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ጉዲፈቻ ነው ቢሉ በችሎት ፊት የዋሸች ሊያደርጓት ነው። ወርቅቱን አይተው፣ መሬት አይተው፣ «እሷ ወልጃታለሁ ካለች ወልዳታለች» ብለው ተቀመጡ። ኢተፋም ከዚህ የተለየ ቃል አልነበራቸውም።

ልጅቱ ለወለዷት ተፈረደች። ዳኛው በሐሰት ቃል ሊጠይቋት ሲችሉ ተዉት። እንዲያውም በየዓመቱ መስቀል ሲሆን፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት፣ ልጅቱ ሱሉልታ መጥታ ወርቅቱ ዘንድ እንድትሰነብት አዘዙ። ገለቴ ወንዳፍራሽ ታክሲ ውስጥ ሲያስገባት «አዬ! አዬ ኮ!» እያለች በኦሮምኛ እናቷን ትጣራ ነበር። ወርቅቱ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ቆመች፤ ከዚያ እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጠች።

መንገድ ላይ አልቻልኩም፣ ጮህኩባት። «ልጅቱ ውጭ ነበረች እኮ! አትሰማሽም ነበር!»

«ማሪቱ» አለችኝ፣ «ቃሉን የሰጠሁት ትሰማለች ብዬ ነው? ያኔ የአርባ ቀን ልጅ ነበረች፤ ምን ትሰማለች?»

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አላወራንም።

የመጀመሪያው መስቀል ገለቴ ጫማ አድርጋ፣ ሮማነወርቅ ተብላ መጣች። ስሟን ለውጠውታል። ሲታለብ አጠገቧ ቆማ፣ ድንቅቱ ናት የወለደችሽ ይሉኛል፣ እውነቱን ንገሪኝ አለቻት። ወርቅቱ እጇን ከላሚቱ ጡት ሳታነሣ እኔ ነኝ የወለድኩሽ አለቻት። በማግሥቱ ዓመት ልጅቱ ያንኑ ጠየቀች፤ ያንኑ መልስ አገኘች። በዚህ መሐል ግን ወንዳፍራሽ አስተምሯት ነበር። ፍርድ ቤት ቆማ የዋሸች ሴት ናት ብሏታል። ገለቴ ሱቃችን መጥታ እያለቀሰች «ለምን ትዋሸኛለች?» አለችኝ። ላስረዳት ብዬ አፌን ስከፍት ወርቅቱ ከኋላ ደርሳ በዓይኗ ከለከለችኝ። በሦስተኛው ዓመት ልጅቱ አልመጣም አለች። ቀረች።

ወርቅቱ ግን ኖረች፤ ይገርማል፣ ሰው ይኖራል። ወተቷን እንደ ድሮው ትወስዳለች፤ ቀልዷ ብቻ ቀረ። ያቺ ቀይ ጊደር ወለደች፣ የወለደቻቸውም ወለዱ። የከብት በሽታ ገብቶ የራሷ ላሞች ባለቁበት ዓመት እንኳ ከገለቴ ከብቶች አንድ አልሸጠችም። የሰው እህል እየፈጨች ኖረች። እኔ ስቆጣት «የእኔ አይደሉም፤ ባለቤቷ ስትመጣ ምን እላታለሁ?» ትላለች። መስቀል በመጣ ቁጥር ደጇን ጠርጋ መንገድ መንገዱን ታያለች።

በስድሳ አምስት የካቲት ላይ ታመመች፣ በሳምንቷ ሞተች። ልጅቱ ትጠራ ስላት እምቢ ብላኝ ነበር፤ ካልፈለገች አታስጨንቋት አለች። እኔ ግን ላክሁባት። ልጅቱ ከቀብር በኋላ በሦስተኛው ቀን ደረሰች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ መምህርት ልትሆን ትማራለች። ድንቅቱም አብራት ነበረች፤ ፀጉሯ ሸብቷል።

ሮማነወርቅ እንደ ሩቅ ዘመድ ከድንኳኑ ዳር ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ያኔ ኦቦ መገርሳ ተነሡ፤ በጣም አርጅተው ነበር። እጇን ይዘው ወደ በረቱ ወሰዷት፣ እኔም ተከተልኩ። ቀዮቹን ከብቶች አሳዩዋት። ያንቺ ናቸው፣ አባትሽ የሰጠሽ ሀንዱራ ነው፣ ወርቅቱ ተርባ አልነካቻቸውም አሏት። ከዚያ የቃሉን ነገር ነገሯት፣ የችሎቱንም። «አንዲት ቃል ብትናገር አንቺን ባላጣች ነበር» አሏት። «የዚያች ቃል ዋጋ አንቺን መካድ ነበር፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ። እሱን አልቻለችም።»

ልጅቱ የበረቱን አጥር ይዛ ቆማ ቀረች። ብዙ ቆይታ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች፤ አሁን ግን ዳር አልተቀመጠችም፤ መሐል ገብታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠች።

አመሻሹ ላይ ከሙሎ አንዲት አሮጊት ለለቅሶ መጡ። ታሪኩን አያውቁም። ልጅቱን ሲያዩ ፊታቸውን አስጠግተው «ያጥናሽ ልጄ፤ ለመሆኑ ለሟች ምኗ ነሽ?» አሏት።

ድንቅቱ አጠገቧ ነበረች።

«እናቴ ናት» አለች ገለቴ። «ወልዳኛለች።»

ድንቅቱ ሰማች። አንገቷን ደፋች፣ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች፤ እንዲህ አይደለም ብላ ግን አንዲት ቃል አልተናገረችም።